ቃለ ጉባኤ ምንድን ነው? የተባለው ሁሉ የሚጻፍበት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አስተያየት ሰጪው ስለ አንድ ማኅበር ሲያወራ ሰማሁት። «ግማሽ ቀን ተሰብስበው ቃለ ጉባኤያቸው ሁለት ገጽ ነው። የቀረውን ንግግር የት ደበቁት?» አለ። አወያዩም «እውነት ነው» ብሎ አለፈ። ይህን አባባል ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን በዛ። ሥራውን በአግባቡ የሠራ ሰው እንደ ደበቀ እየተቆጠረ ነው።

እኔ ባሕር ዳር፣ በጣናና በዙሪያው ባሉ ረግረጋማ ቦታዎች ጥበቃ ላይ በሚሠራ አንድ ድርጅት የዋና ዳይሬክተሯ ረዳት ነኝ። ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ፣ የመስክ ጉዞ አቀናጃለሁ። አብዛኛው ጊዜዬ የሚሄደው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ነው። የቦርዱን እይዛለሁ፣ የማኔጅመንቱን እይዛለሁ፣ ከወረዳና ከቀበሌ ጋር የሚደረገውንም እይዛለሁ። ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል።

ቃለ ጉባኤ የውሳኔ መዝገብ ነው። ምን ተወሰነ? እንዴት ተወሰነ? ማን ይፈጽመዋል? እስከ መቼ? እነዚህን ይመልሳል። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው ሐሳብም ባጭሩ ይገባል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙትንና የቀሩትን መጻፍ ማንም ያውቀዋል፤ እሱ ላይ አልቆይም። ማን ማንን አቋረጠ፣ ማን ረጅም መግቢያ ተናገረ፣ ማን ሐሳቡን ሁለት ጊዜ ቀየረ የሚለው ግን ቦታው እዚያ አይደለም።

ነገሩን ከመረብ ጋር ላመሳስለው። ጣና ላይ ቀዳዳው ጠባብ መረብ የጣለ ሰው ብዙ ያጠመደ ይመስለዋል። መረቡ ከብዶ ይወጣል። ሲፈታው ግን የሚበዛው የዓሣ ጫጩትና ሣር ነው። የተባለውን ሁሉ የሚይዝ ቃለ ጉባኤም እንዲሁ ነው። ገጹ ይበዛል፣ የሚያነበው ሰው ግን ውሳኔውን ከጫጩቱ መለየት ያቅተዋል። ቀዳዳው ከመጠን በላይ የሰፋው መረብ ደግሞ ዋናውንም ዓሣ ያሳልፈዋል። «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል» የሚለው አጻጻፍ ከዚህ ይመደባል። ምን ላይ ነው የተስማሙት? እነማን ናቸው የተስማሙት?

ዓሣ ከተነሣ አይቀር፣ የቀዳዳው ስፋት ብቻውን ዓሣ አያድንም። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው የጣና ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በነሐሴ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ የተጣለ መረብ፣ ቀዳዳው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ የሚይዘው እንቁላል ያዘሉትን ነው። መቼ ተጣለ የሚለውም እኩል ይቆጠራል። ቃለ ጉባኤም ጊዜ አለው። ረቂቁ በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን ለተሰብሳቢው መድረስ አለበት። ወር ቆይቶ ከተጻፈ የያዘው ሰው ትዝታ እንጂ የጉባኤው ቃል አይሆንም። አንድ ነገር ልጨምር። ሞኖፊላመንት የሚባለው የፕላስቲክ መረብ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ሲቀር ቶሎ አይበሰብስም። ባለቤቱ ትቶት ሄዶ እንኳ ማጥመዱን ይቀጥላል። ያልጸደቀ ረቂቅም በየኢሜሉና በየቴሌግራሙ ሲቀር እንደዚያ ነው፤ ከዓመት በኋላ አንዱ አውጥቶ «ይኸው ወስናችኋል» ይላል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ «ረቂቅ» ብዬ የምጽፈው።

አሁን ወደ እውነተኛ ሥራ እንምጣ። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለ አረሙ ያልተሰበሰበ መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። በእነዚህ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አይጠፋም፦ «የተነቀለው እንቦጭ ከውሃው ርቆ እንዲከማች ተባለ።» ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። ግን ምን ያህል ይራቅ? ከየትኛው ውሃ? ጣና ክረምት ሊገባ ሲል ይጎድላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። በፎገራና በደንቢያ በኩል ደግሞ ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሲሞላ ብዙ ይገፋል። በግንቦት ደረቅ መሬት ላይ የተከመረው እንቦጭ በመስከረም ውሃ ውስጥ ነው። ያልደረቀው ተመልሶ ይንሳፈፋል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ያን ሁሉ ሕዝብ ያደከመ ሥራ «ርቆ» በሚል አንድ ቃል ይበላሻል።

እንደዚህ ቢጻፍስ? «የተነቀለው እንቦጭ በመስከረም ውሃው ከሚደርስበት ምልክት በላይ ይከማቻል። ምልክቱን የቀበሌው ኮሚቴ ከድርጅቱ የመስክ ባለሙያ ጋር ሆኖ እስከ ሚያዝያ 30 ይተክላል። ምክንያት፦ የበጋው ዳርቻ በክረምት በውሃ ይሸፈናል።» እዚህ ለመድረስ ከጧት እስከ ምሳ ሊፈጅ ይችላል። አንዱ አዛውንት ድሮ ውሃው እስከየት ይደርስ እንደነበር ያስረዳሉ፣ ሌላው የማነው መሬት ላይ የሚከመረው ብሎ ይሟገታል። ይህ ሁሉ ንግግር ፍሬው ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ። ምን ተደበቀ?

አስተያየት ሰጪውን አንድ ነገር ላይ አልከራከረውም፤ በቃለ ጉባኤ መደበቅ አለ። ግን በገጽ ቁጥር አይታወቅም። «ክትትል ይደረጋል»፣ «ትኩረት ይሰጠዋል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚሉትን ይፈልግ። ማን ነው የሚከታተለው? የማይመች ውሳኔን ለመቅበርም ረጅም ቃለ ጉባኤ ይመቻል፤ ሃያ ገጽ የሚያነብ ቦርድ የለም። «ልዩ ልዩ» የሚለውን የመጨረሻ አጀንዳም ይመልከት። ሰው ደክሞ፣ ግማሹ «ሌላ ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ወጥቶ፣ ቀድሞ በአጀንዳ ያልተያዘ የገንዘብ ጉዳይ የሚነሣው እዚያ ነው። ጧት የተሟላ ምልአተ ጉባኤ ከሰዓት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ድምፅ ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ቁጥር እጽፋለሁ። የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ከወጣ መውጣቱን፣ ከተመለሰም መመለሱን እጽፋለሁ። ባንክ ፈራሚ ለመቀየር የሚጠይቀው ማኅተም ያረፈበትን ቃለ ጉባኤ ነው፤ ኦዲተርም የሚያገላብጠው ይህንኑ ነው። አንዱም ማን ምን ብሎ እንደ ቀለደ አይጠይቅም።

አንድ ንግግር ግን በስም ይገባል። ሰው «ሐሳቤ ይያዝልኝ» ካለ ይያዝለታል። የልዩነት ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጻፋል፣ ሰብሳቢውን ደስ ባይለውም። «በሙሉ ድምፅ ብለሽ እለፊው» የሚባልበት ጊዜ አለ። አይታለፍም። የተቃወመ ሰው ካለ በሙሉ ድምፅ አልተወሰነም።

«ስልክ ይቅዳውና ይለቅ» የሚሉም አሉ። ቅጂ ለማስታወስ ይረዳል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ቅጂን ማንም አላጸደቀውም፣ ማንም አልፈረመበትም። ደግሞ የሚቀዳ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ አንደበት ይታሰራል። ረግረጉን ማን እያረሰው እንደሆነ የሚያውቅ ገበሬ ድምፁ እየተቀዳ ስም አይጠራም። በቅድሚያ ተነግሮ፣ ተፈቅዶ፣ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ የሚጠፋ ቅጂ ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥብቅ ክልል አለው፣ ጥብቁን ክልል የሚከብ ባፈር ዞን አለው፣ ሰው እየኖረና እያረሰ የሚጠቀምበትም ክልል አለው። እንዲህ ያለ ወሰን የትኛውን ማሳ እንደሚነካ ለመነጋገር ነዋሪው ይሰበሰባል። በር ላይ የስም መዝገብ ይዞራል፣ ሰው ለአበሉም ለመገኘቱም ይፈርማል። በኋላ ያ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ይያያዝና «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ይባላል። ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን በደል ነው። ሰውየው የፈረመው «መጥቻለሁ» ብሎ ነው። ማሳው ባፈር ዞን ውስጥ ይግባ ብሎ አልፈረመም።

እኛ የመገኛ ፊርማና የስምምነት ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ አናደርግም። ስብሰባው ሳይበተን ውሳኔው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ምክንያቱም ማንበብ የማይችሉ አሉ። የተስማማ ከውሳኔው ሥር ይፈርማል ወይም ጣቱን ያሳርፋል። ያልተስማማው ስሙና ምክንያቱ እዚያው ገጽ ላይ ይጻፋል። የቃለ ጉባኤው አንድ ቅጂ ቀበሌው ዘንድ ይቀራል። እናንተም በስማችሁ የተያዘ ቃለ ጉባኤ ካለ ፊርማችሁ የትኛው ገጽ ላይ እንዳረፈ ጠይቁ። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከመጽደቁ በፊት፣ መስመሩን ጠቅሳችሁ እንዲታረም አመልክቱ።