ወንዙን የሚያደፈርሰው ዝናቡ ብቻ ነው? ስለ ደለል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በክረምት የወንዞቻችን ውሃ ቡናማ ሲሆን ምክንያቱን የማይናገር ሰው የለም። ብዙውን ጊዜ ግን የምንሰጠው ምክንያት የተሳሳተ ነው። ምክንያቱ ሲሳሳት ሥራውም አብሮ ይሳሳታል፤ እርከኑ ከሚያስፈልግበት ርቆ ይሠራል፣ ችግኙም አፈሩን በማያድንበት ቦታ ይተከላል። በዓባይ ተፋሰስ ላይ ደጋግመው የሚሰሙትን ላንሳ።

«ዝናብ ሲበዛ ወንዝ ይደፈርሳል፤ በቃ።»

ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዓባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚደፈርሰው በነሐሴ፣ አፍ እስከ ገደፉ በሚሞላበት ጊዜ ነበር። ሱዳን ድንበር ላይ ሲለካ ግን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ደለል ጣሪያ የሚነካው ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ ነው። ውሃው ገና እየጨመረ ሳለ ድፍርሱ መቀነስ ይጀምራል።

ሚስጥሩ ያለው ማሳው ላይ ነው። የጤፍ መሬት ደጋግሞ ይታረሳል፣ ጓሉ ይደቅቃል፣ አፈሩ ዱቄት እስኪመስል ይለሰልሳል። ዘሩ ተዘርቶ፣ በቅሎ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ያ የለሰለሰ አፈር ራቁቱን ነው፤ የክረምቱ ኃይለኛ ዝናብ የሚያገኘውም በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ወሩ ሲገፋ ቡቃያው ሥር ይይዛል፣ ሣሩም ይነሣል። ያው ዝናብ በዚያው ማሳ ላይ ቢወርድ የሚያወርደው አፈር ከበፊቱ በጣም ያነሰ ነው።

ፈሰስንም እንይ። ገበሬው ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በማረሻው የሚያወጣው ቦይ ነው። ተዳፋቱን አቋርጦ በመጠኑ ዘንበል ብሎ ከወጣ ውሃውን በዝግታ ያሳልፋል። ቁልቁል በቀጥታ ከወረደ ግን በየክረምቱ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። አንድ ስንዝር የአቅጣጫ ልዩነት ይህን ያህል ዋጋ አለው።

«ደለሉ የሚመጣው ከገደላማው ተራራ ነው።»

ተዳፋት መሬት በቀላሉ እንደሚሸረሸር እውነት ነው። ነገር ግን ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ እንደሚገኘው ደብረ ማዊ ባሉ፣ ተመራማሪዎች ለዓመታት በተከታተሏቸው ትናንሽ ተፋሰሶች፣ ብዙውን አፈር የሚያወርደው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ያለው ቦረቦር ሆኖ ተገኝቷል። ከላይ የሰረገው ውሃ ከመሬት በታች ወርዶ ግርጌ ላይ ይጠራቀማል፤ ክረምቱ ሲጋመስ መሬቱ ይጠግባል። ያኔ የቦረቦሩ ግድግዳ ከውስጥ በውሃ ተገፍቶ ይናዳል፤ የወደቀውንም ቀጣዩ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። የእርከን ዘመቻው ጉልበት ሁሉ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ከታች የወል ግጦሹ በየዓመቱ ሲቆረስ ማየት ያንገበግባል። የቦረቦሩን አናት ሳይዙ፣ ዳሩን ሳይጠርቡና ሣር ሳያለብሱ እርከን ብቻውን ወንዙን አያጠራም።

«ዛፍ ከተተከለ አፈሩ ዳነ።»

አፈርን ከዝናብ ጠብታ የሚያድነው ከሁሉ በፊት መሬት ላይ ያለው ሣር፣ ቁጥቋጦና የረገፈ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ባዶ በቀረ የባሕር ዛፍ ተክል ሥር ጎርፍ እንደ ልቡ ይሄዳል። ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለ መሬት ግን ችግኝ ባይተከልበትም ሣሩ ያገግማል፣ የሚወርደውም ውሃ እየጠራ ይመጣል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ያለውን መጠበቅ ግን ይቀድማል።

«የዓባይ ደለል የጣና ነው።»

ተቃራኒው ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡትን አፈር 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሐይቅ ተቀብሎ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዓባይ ድንበር ላይ ከሚደርስበት መጠን አንድ አሥረኛውን አይሞላም። ከባዱ ሸክም የሚጨመረው ከዚያ በታች፣ በሽሎ፣ ጀማና ሙገርን የመሳሰሉ ገባሮች ከታረሰው ደጋ ይዘውት ሲወርዱ ነው። ነጭ ዓባይም እንዲሁ በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግ ውስጥ ሲንቀረፈፍ አፈሩን ጥሎ ያልፋል።

«የጠራ ውሃ ጤነኛ ውሃ ነው።»

በስምጥ ሸለቆ ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃ የያዘው ፍሎራይድ የብዙ ልጆችን ጥርስ አበላሽቷል። ለወንዙም ቢሆን መጥራት ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም፤ ደለሉን ግድብ ውስጥ ጥሎ የወጣ ውሃ ከታች የራሱን ወለልና ዳርቻ ይቦረቡራል።

«አፈራችን ግብፅን እያለማ ነው።»

ለሺህ ዓመታት እውነት ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ግድቡ በፈጠረው ሐይቅ አናት ላይ፣ በአብዛኛው ሱዳን ውስጥ ይተኛል፤ ዓባይ ከባሕር በሚገናኝበት በግብፅ፣ አፈር የተቋረጠበትን የራሺድን ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ ሲበላው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሱዳኑ ሮሰይረስ ግድብም በአርባ ዓመት ገደማ ከመጀመሪያው ይዘቱ ከሲሶ በላይ በደለል ተሞልቷል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ አፈሩ ግን ማደሪያ ካገኘ ቆይቷል።

አሁን መጀመሪያ የሚያርፈው ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ይሸከመዋል። ጎንደርን ውሃ እንደሚያጠጣው አንገረብ ያሉት ትናንሽ ግድቦች ግን ያን ያህል ቦታ የላቸውም። ከላያቸው የሚታረሰው መሬት ራቁቱን በከረመ ቁጥር ደለሉ የሚወስደው ለከተማው ሕዝብ ሊጠራቀም የሚገባውን ውሃ ቦታ ነው።