ማማው «ውረድ»፣ መሣሪያው «ውጣ» ሲል ፓይለቱ ማንን ይሰማል?

ካዛንቺስ ማኪያቶ ይዞ ወደ ቦሌ የሚወርደውን አውሮፕላን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፣ ሁለት አውሮፕላኖች ሊጋጩ ነበር የሚል ወሬ ሲሰማ ቶሎ ፓይለቱን ይወቅሳል። «የመቆጣጠሪያ ማማውን ትእዛዝ ጥሶ ነው» ይባላል። አንዳንዴ ግን መጣሱ ራሱ ሕግ ነው።

ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቲካስ የሚባል የግጭት መከላከያ መሣሪያ አላቸው። በአካባቢው ያለውን አውሮፕላን ትራንስፖንደር (ለጥያቄ በሬዲዮ ምልክት የሚመልስ መሣሪያ) እየጠየቀ ርቀቱንና ከፍታውን ያሰላል። መጀመሪያ «ትራፊክ» ይላል፤ ይሄ ትእዛዝ አይደለም፣ ዓይንህን ክፈት ማለት ነው። ነገሩ ከባሰ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ይላል (ግራና ቀኝ አያዝም)፣ ሁለቱም ቲካስ ካላቸው ደግሞ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይልካሉ። እዚህ ላይ ከመሬት ሆኖ የሚመራው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ተቃራኒውን ቢናገር እንኳ ፓይለቱ የሚታዘዘው ለመሣሪያው ነው። በሬዲዮ ያሳውቃል፣ ተቆጣጣሪውም አቅጣጫውን ለማስቀየር አይሞክርም።

ግትር ሕግ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ አንደኛው አውሮፕላን ቲካሱን ሰምቶ ወረደ፣ ሌላኛው ቲካሱ «ውጣ» እያለው ተቆጣጣሪውን ሰምቶ እሱም ወረደ። 71 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሕጉ በማያሻማ መንገድ ተጻፈ።

አንድ ነገር ግን አለ፦ ለማረፍ ሲቃረቡ፣ ከመሬት 300 ሜትር ገደማ በታች፣ ቲካስ «ውጣ ውረድ» ማለቱን ያቆማል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ቢሆንም የሚቆጠረው ከመሬቱ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሥራ የተቆጣጣሪውና የፓይለቱ ዓይን ነው።