ያለቀለት ቤዝመንት፦ አመጣጡ፣ ደንቡና ቤት ገዢ ማየት ያለበት

ያለቀለት ቤዝመንት የሚባለው ግድግዳው በድራይዎል (በወረቀት በተለበጠ የጂፕሰም ሰሌዳ) ተሸፍኖ፣ ወለሉ ለብሶ፣ ኮርኒስ፣ መብራትና ማሞቂያ ገብቶለት ሰው የሚኖርበት፣ ከመሬት በታች ያለ የቤት ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሻጮች ማስታወቂያቸው ላይ አስቀድመው ከሚጽፏቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ቢጽፉም አይፈረድባቸውም። ሌላውን ቤት ሳይነኩ ተጨማሪ ሳሎን፣ የእንግዳ ክፍል ወይም ቢሮ ይገኝበታል። ችግሩ፣ ቤዝመንት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሸፈነው ገዢ ከሁሉ በፊት ማየት የሚፈልገው ነገር ነው፦ የመሠረቱ ግድግዳ።

ቤዝመንት የቅዝቃዜ ልጅ ነው። ክረምት ላይ አፈር ሲቀዘቅዝ ያብጣል፤ መሠረቱ ከሚቀዘቅዘው አፈር በታች ካልወረደ ቤቱን ያነሣዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ደንቡ እንደ አካባቢው ከ42 እስከ 60 ኢንች ጥልቀት ይጠይቃል። ይህን ያህል ከተቆፈረ በኋላ ትንሽ ጨምሮ ክፍል ማውጣት አያከስርም። በድሮው ጊዜ የድንጋይ ከሰልና ምድጃ ይቀመጥበት ነበር። ጋዝና ናፍጣ ከሰሉን ሲተኩ ቦታው ተለቀቀ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መዝናኛ ክፍል ሆነ።

ዋናው ጣጣ ውሃ ነው። ዝናብ ያራሰው አፈር ግድግዳውን ይገፋል፤ ውሃውም ስንጥቅ ፈልጎ ይገባል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከባድ አይደለም። አሸንዳው ተደፍኗል፣ ቱቦው ውሃውን መሠረቱ ሥር ይደፋል፣ ወይም መሬቱ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። በብዙ ግዛቶች መነሻ የሆነው ሞዴል የግንባታ ደንብ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ ባለው 10 ጫማ ውስጥ መሬቱ 6 ኢንች ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። ስለዚህ ቤዝመንት የሚታየው ከውጭ ነው። ደረጃውን ከመውረድ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ መዞር ይበጃል።

ከወረዱ በኋላ ደግሞ ዝቅ ብሎ ማየት ነው። ዞኮሎው አብጧል? ማሞቂያው ያለበት ያልተሸፈነ ክፍል ውስጥ ኮንክሪቱ ላይ ነጭ የጨው ዱቄት አለ? ውሃ በግድግዳው አልፎ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት እሱ ነው። ካርፔቱ ጥግ ላይ ቢነሣ ሥሩ ያሉት ምስማሮች ዝገዋል? ሌላው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እርጥበት መምጠጫ ማሽን ቀን ከሌት የሚሠራ ከሆነም እንደዚያው። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከድራይዎል ጀርባ ሲሆን ደግሞ የሚያየው የለም።

ሳምፕ ፓምፕ፣ ማለትም ከቤዝመንቱ ወለል ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ፣ ካለ መሞከር ቀላል ነው። ወለሉ ላይ ካለችው ጉድጓድ ክዳኑን አንስቶ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ሞተሩ መነሣት፣ ውሃውን ወደ ውጭ መግፋት፣ ከዚያም ራሱ መቆም አለበት። ባትሪ እንዳለውም ይታይ፤ መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት ነዋ። ውሃ አያስገባም የሚባለው የግድግዳ ቀለም ግን መፍትሔ አይደለም። መሠረቱን ከውጭ ቆፍሮ መድፈን ይሻላል ወይስ ከውስጥ ውሃውን ወደ ፓምፕ መምራት? እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም አይስማሙም፤ ምናልባት እንደ ቤቱና እንደ ኪሱ ነው።

ሁለተኛው የማይታይ ነገር ራዶን ነው። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጨረራማ ጋዝ ነው። ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው በፈረንጆቹ 1984 ነው። ስታንሊ ዋትራስ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ገና በግንባታ ላይ በነበረው የሊመሪክ የኒውክሌር ማመንጫ ይሠራ ነበር። የጨረር መፈተሻው በተደጋጋሚ ጮኸበት። ሲጣራ ጨረሩን የያዘው ከሥራ ቦታው ሳይሆን ከቤቱ ነው። እዚያ የተለካው ራዶን በሊትር አየር 2,700 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ) ገደማ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 4 ሲደርስ ቤቱ እንዲስተካከል ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ወደ 2.7 ዝቅ ያደርገዋል። መሥሪያ ቤቱ ራዶን ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እንደሆነና በአሜሪካ በዓመት ወደ 21,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ለመለካት መስኮቶቹ ልኬቱ ከመጀመሩ 12 ሰዓታት ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ መለኪያው ቢያንስ 48 ሰዓት ይቀመጣል። ከፍ ካለ ከወለሉ ሥር አየሩን በቱቦና በማራገቢያ ስቦ ከጣሪያ በላይ ማውጣት ነው። ባለቀ ቤዝመንት ውስጥ ቱቦ ማሳለፍ ያማረውን መበሳት ስለሚሆን፣ ልኬቱ ከፊርማ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) ቢሮን ማማት የተለመደ ነው። ቢሆንም ድራይዎሉ ሳይዘጋ ሽቦውንና ቧንቧውን ያየ ብቸኛው ገለልተኛ ሰው የከተማው ኢንስፔክተር ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያለ ፐርሚት የተሠራ ቤዝመንት ዕዳው ለገዢው ይተላለፋል። ግድግዳ አፍርሶ ማሳየትም ሊያስፈልግ ይችላል። መኝታ ክፍል ለመባል ደግሞ አልጋ ማስገባት አይበቃም። በሞዴል ደንቡ መሠረት ኮርኒሱ 7 ጫማ ከፍታ ይኖረዋል። መውጫ መስኮቱ ሲከፈት ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ ክፍተት መስጠት አለበት፤ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች ሊበልጥ አይገባም። እሳት ሲነሣ ሰው የሚወጣው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚገባው በዚያ ነው። መስከረም 1 ቀን 2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አይዳ ከተባለው አውሎ ነፋስ የተረፈው ዝናብ ኒውዮርክን ሲመታ ከተማው ውስጥ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ በቤዝመንት መኖሪያዎች ውስጥ ነበሩ።

ዋጋን በተመለከተ፣ የቤዝመንቱ ስፋት ከላይኛው ቤት ጋር አይደመርም። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ አፕሬዘሮች (የቤት ዋጋ ገማቾች) እንዲከተሉት ያዘዘው መለኪያ፣ አንድ ወለል በከፊልም ቢሆን ከመሬት በታች ከሆነ ለብቻው እንዲመዘገብ ያደርጋል። ማስታወቂያው 3,000 ካሬ ጫማ ቢልና 1,000ው ቤዝመንት ቢሆን አፕሬዘሩ 2,000ውን በአንድ መስመር፣ ቤዝመንቱን በሌላ መስመር ይጽፋል። የቤዝመንቱ ካሬ የላይኛውን ግማሽ ያወጣል የሚሉ አሉ፤ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል።

የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለቤዝመንት ብዙም አይለግስም። ምድጃውን፣ የውሃ ማሞቂያውንና ሳምፕ ፓምፑን ይሸፍናል። ካርፔቱን፣ የግድግዳውን ማሳመሪያና ሶፋውን አይነካም። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አያውቅም፤ ከፍሳሽ ቱቦ ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃም አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። አስቂኙ ነገር፣ የጎርፉ ኢንሹራንስ ቤዝመንት የሚለው በአራቱም በኩል ከመሬት በታች የሆነውን ወለል ብቻ ነው። በአንድ ጎኑ በር ከፍቶ በደረጃ ሳይወጣ ወደ ጓሮ የሚያደርስ ክፍል ለአፕሬዘሩ ቤዝመንት ነው፤ ለኢንሹራንሱ ግን ላይሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ቤት የሚገዛ ሰው ውሉ ከመዘጋቱ በፊት የኢንሹራንሱን መልስ በጽሑፍ ያስቀምጥ።