የቤተሰብ ብድር መጠን ምንድን ነው? ስለ አገር ኢኮኖሚስ ምን ይነግረናል?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ አለ፣ ባለሱቋ እትዬ ከባንኮኒው ስር የዱቤ ደብተር አላቸው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገጽ አለው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር ከጎኑ ብሩ፣ የተከፈለው በቀይ እስክርቢቶ ይሰረዛል። የደሞዝተኛው ገጽ ደሞዝ በገባ በሁለት በሶስት ቀን ይሰረዛል፣ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ልጆች ገጽ ግን ኅዳርን ይጠብቃል። እትዬ ያንን ደብተር ገልጠው ብቻ ሰፈሩ እንዴት እንደከረመ ይነግሩሃል።

የቤተሰብ ብድር መጠን የሚባለው የኢኮኖሚ መለኪያ በአገር ደረጃ እንደዛ ደብተር ነው በሉት። መንግስትና ድርጅቶች የተበደሩት ሳይጨመር፣ ሰዎች ለቤት፣ ለመኪና፣ ለትምህርት ምናምን ከባንክና ከሌላ አበዳሪ ተቋም ወስደው ገና ያልመለሱት ይደመርና አገሪቱ በአመት ከምታመርተው ጠቅላላ ምርት ማለትም ከጂዲፒ ጋር ይነጻጸራል። የአመቱ ምርት 100 ብር ቢሆንና ቤተሰቦች 60 ብር ዕዳ ቢኖርባቸው 60% ተባለ ማለት ነው። ያ 60 ብር ታዲያ ዘንድሮ ይከፈላል ማለት አይደለም፣ የቤት ብድር 20 አመት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ከደሞዙ በየወሩ ለዕዳ የሚቆረጠው ስንት ነው የሚለውም አብሮ መታየት አለበት።

ለምን ይጠቅማል? ብድር ማለት የነገን ገቢ ዛሬ አምጥቶ መብላት ነው። ሰው ሲበደር ይገዛል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ፋብሪካው ሰራተኛ ይቀጥራል፣ ኢኮኖሚው ሞቅ ይላል። በኋላ መክፈል ሲመጣ ያው ሰው ወጪውን ይቀንሳል፣ የሱ ወጪ ደግሞ የሌላው ገቢ ስለሆነ ሁሉም አንዴ ወደ መክፈል ከገባ ገበያው ይቀዘቅዛል። የአለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በ2017 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት የብዙ አገሮችን ታሪክ አይቶ ይሄንኑ ነው ያለው፣ የቤተሰብ ዕዳ ሲጨምር መጀመሪያ እድገት ያግዛል፣ ከ3 እስከ 5 አመት በኋላ ግን ተገላብጦ ይጎትተዋል። አሜሪካን እዩ፣ በ2000 እ.ኤ.አ አካባቢ 70% ገደማ የነበረው ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ) የገንዘብ ቀውስ በፊት 100% ጠጋ አለ፣ ከዛ የቤት ዋጋ ሲወርድ ሰዉ ከቤቱ ዋጋ የበለጠ ዕዳ ይዞ ቀረ፣ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ስዊዘርላንድ ግን ከ100% በላይ ሆና ቆማ ትሄዳለች፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ ከዕዳው ጎን ትልቅ ቁጠባና ንብረት አለው። እኔ ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በምን ፍጥነት ወጣ፣ ለምን ዋለ የሚለውን ነው የማየው። በብድር ወፍጮ የተከለና በብድር ድግስ የደገሰ እኩል አይታዩም!

ወደኛ ስንመጣ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ዕዳ የለብንም ማለት አይደለም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ባንክ ለብዙ አመት ሲያበድር የኖረው በብዛት ለመንግስት ድርጅቶችና ለትላልቅ ነጋዴዎች ነው፣ ተራው ሰው ማስያዣ የሚሆን ካርታ ያለው ቤት ከሌለው በሩም ላይ አይደርስም። በዛ ላይ ብሄራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባንኮች ብድራቸውን በአመት ከ14% በላይ እንዳያሳድጉ ገደብ ጣለ፣ በኋላ 18% አደረገው። ስለዚህ ሰዉ ወደ እቁብ፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ዱቤ፣ ሲጨንቀው ወደ አራጣ ይሄዳል፣ ይሄ ሁሉ በአገሪቱ ቁጥር ውስጥ የለም። አራጣ ደግሞ በህግ የተከለከለ ስለሆነ ማንም አይመዘግበውም፣ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ግን ሰፈሩ ያውቃል።

አሁን በስልክ የሚሰጠው ብድር፣ የቴሌብር መላን የመሰለው፣ ነገሩን እየቀየረው ነው፣ ያለማስያዣ ትንንሽ ብር ይገኛል፣ ይመዘገባልም። በሚቀጥሉት አመታት የቤተሰብ ብድር አደገ የሚል ዜና ስትሰሙ እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ሰዉ በእውነት አዲስ ዕዳ ገባ ወይስ ድሮ በእትዬ ደብተር የነበረው ዕዳ ነው ስልክ ውስጥ የገባው? ሁለቱ ለኢኮኖሚው የሚሉት በጣም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ሊያሳስበን ይችላል፣ ሁለተኛው ከሆነ ግን ድሮም የነበረ ዕዳ ነው፣ አሁን ገና መታየቱ ነው።