በኤፒኤል 10-5-2 ለምን 7 ይሆናል?

ኤፒኤል የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። 10-5-2 ብሎ ይጽፋል፤ መልሱ 3 ሳይሆን 7 ይመጣል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ኤፒኤል የሚያሰላው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። መጀመሪያ 5-2 ብሎ 3 ያገኛል፣ ከዚያ 10-3 ብሎ 7 ይሰጣል።

ትምህርት ቤት የተማርነው “ማባዛት ከመደመር ይቀድማል” የሚለው ሕግም እዚህ የለም። 2×3+4 ቢሉት 14 ነው። ቋንቋውን የፈጠረው ካናዳዊው ኬኔት አይቨርሰን ይህን ያደረገው በምክንያት ነው። ምልክቶቹ እጅግ ብዙ ናቸው። የትኛው ከየትኛው ይቀድማል የሚል ዝርዝር ቢኖር ማን ይሸመድደዋል? ስለዚህ ለሁሉም አንድ ሕግ አስቀመጠ። ቅንፍ ግን እንደለመድነው ይሠራል፤ (10-5)-2 ካሉት 3 ይሰጣል።

እኔ በጣም የምወደው ደግሞ -/ የሚለውን ነው። በቁጥሮቹ መሃል ሁሉ የመቀነስ ምልክት ያስገባል። -/10 5 2 1 ብለን ስንጽፍ 6 ይመጣል፤ ልክ በተለመደው ሒሳብ 10-5+2-1 እንዳልነው። ለምን ቢሉ፣ ስሌቱ ከቀኝ ስለሚጀምር 10-(5-(2-1)) ማለት ነው። አንዱን እየቀነሱ ቀጣዩን እየደመሩ መሄድ በብዙ ቋንቋዎች ሉፕ (አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ የሚያስፈጽም የኮድ ክፍል) ይፈልጋል። እዚህ ሁለት ምልክት ይበቃል።