የአጥንት ብሎን፦ ጥርሱ፣ ጥብቀቱና የስብራቱ መግጠም

የአጥንት ብሎን የተሰበረ አጥንትን እስኪገጥም ድረስ በቦታው የሚይዝ ከማይዝግ ብረት ወይም ከታይታኒየም የሚሠራ ብሎን ነው። አንዳንዴ ብቻውን ይገባል። አንዳንዴ ፕሌትን (ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) ከአጥንት ጋር ያስራል፣ ወይም መቅኔው ውስጥ የገባን ዘንግ ይቆልፋል። ሰው በአጭሩ «ብረት ገባለት» የሚለው ይህን ሁሉ ነው። አጥንቱ የሚገጥመው በራሱ ነው፤ ብረቱ የሚወስነው ስብራቱ እስከዚያ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ነው።

ለጠንካራው የውጪ አጥንት የሚሆነው ብሎን ጥርሱ የተጠጋጋና ጥልቀት የሌለው ነው። በአጥንት ጫፍ አካባቢ ላለው ስፖንጅ መሰል አጥንት ግን ጥርሱ ሰፋና ጠለቅ ይላል። ለትልልቅ አጥንቶች የተለመደው የመጀመሪያው ዓይነት 4.5 ሚ.ሜ.፣ ሁለተኛው 6.5 ሚ.ሜ. ውፍረት አለው። ብሎኑ ተነቅሎ እንዳይወጣ የሚያደርጉት የውጪ ውፍረቱ፣ አጥንት የነከሰው የጥርሱ ርዝመትና የአጥንቱ ጥንካሬ ናቸው። እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ደግሞ የመሃል ግንዱ ነው። ግንዱ ከ3 ወደ 4 ሚ.ሜ. ቢወፍር ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጥርሱ ሲጠልቅ ግን ግንዱ ይቀጥናል። ንድፍ አውጪው ሁልጊዜ ከአንዱ ቆርሶ ለሌላው ይሰጣል።

አቀዳደዱም ቀላል ነገር አይደለም። የደነዘዘ ድሪል አጥንቱን ያሞቃል። ሙቀቱ 47 ዲግሪ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው አጥንት ሊሞት፣ ብሎኑም ሊላላ ይችላል።

ፕሌትና ብሎን በ1886 በሐምቡርግ ካርል ሐንስማን አስተዋወቀ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመቅኔ ዘንግን ደግሞ ጀርመናዊው ገርሃርድ ኩንትሸር በ1939 ሥራ ላይ አዋለ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው። ሞሪስ ሙለር በ1950 ቤልጂየም ሄዶ የሮበርት ዳኒስን ሥራ አየ። ዳኒስ ስብራትን በፕሌት አጥብቆ ሲያስር አጥንቱ በስብራቱ ዙሪያ እንደ እብጠት የሚወጣው አዲስ አጥንት ሳይፈጠር፣ በቀጥታ ይገጥም ነበር። በኅዳር 1958 ሙለር፣ ማርቲን አልጎቨር፣ ሮበርት ሽናይደር፣ ሃንስ ቪለነገርና ጓደኞቻቸው፣ በድምሩ 13 ሐኪሞች፣ ቢል ከተማ ላይ አኦ የተባለውን የስብራት ማሰር ጥናት ማኅበር መሠረቱ። በዓመቱ ዳቮስ ላይ ቤተ ሙከራ ከፈቱ። መሣሪያውን ቤትላክ የሚገኘው የሮበርት ማቲስ ወርክሾፕ ሠራላቸው። ሐኪም፣ ተመራማሪና ብረት ሠሪ አብረው የተቀመጡበት ይህ አሠራር ለዘመኑ ብርቅ ነበር። እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና መዝግበው ውጤቱን ይከታተሉ ነበር፤ ከብሎኑ ይልቅ ትልቁ ውለታቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1969 ብሎኑ ሲጠብቅ የስብራቱን ሁለት ጫፎች የሚያጣብቀውን ፕሌት አወጡ።

ያኔ ሕጉ «ምንም አይንቀሳቀስ» የሚል ነበር። ያላላው የዚያው ማኅበር ሰው እስቴፋን ፔረን ነው። አዲስ የሚፈጠር አጥንት የሚችለው የመለጠጥ መጠን 2 በመቶ ገደማ ነው። በስብራቱ ጫፎች መካከል ያለ 1 ሚ.ሜ. ክፍተት በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ልጠጣው 50 በመቶ ይሆናል። 10 ሚ.ሜ. ክፍተት በዚያው ልክ ቢንቀሳቀስ ግን 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ የተሰባበረ አጥንት እንቅስቃሴው ለብዙ ክፍተቶች ስለሚከፋፈል ትንሽ እንቅስቃሴን ይችላል፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል። አንድ ጥርት ያለ ስንጥቅ ግን አይታገሥም። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ብረት ማሰር ስህተት ነው።

ፕሌቱ አጥንቱን ሲጫን የላይኛውን ደም ሥር እንደሚያፍንም ታወቀ። በ2000 አካባቢ የመጣው ቆላፊ ፕሌት መልስ ሰጠ። የብሎኑ ራስ ፕሌቱ ላይ በጥርስ ስለሚቆለፍ ፕሌቱ አጥንቱን መጫን አያስፈልገውም። አጥንታቸው ለሳሳ አዛውንቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀዳዳውን ሁሉ በብሎን መሙላት ግን ነገሩን ከልክ በላይ ግትር ያደርገዋል፤ መግጠሙም ሊዘገይ ይችላል። ታይታኒየም ወይስ ብረት? ታይታኒየም ለአጥንት ቅርብ የሆነ ልስላሴ አለው የሚሉ አሉ። ግትርነቱ ከብረት በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፣ ከአጥንት ግን አሁንም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ንድፍ ሳይን የተባለው ዘንግ ነው። በቬትናም ጦርነት ያገለገሉት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 ሪችላንድ፣ ዋሽንግተን ላይ የመሠረቱት ድርጅት ይሠራዋል። ዘንጉ ድፍን ነው። ሌላ ቦታ የመቆለፊያ ብሎን ቀዳዳ የሚፈለገው በቀዶ ክፍል ራጅ ነው። በሳይን ግን ከውጪ በሚታሰር መምሪያ ይገኛል። ሐኪሞቹ የሠሩትን ሰው ራጅ ወደ ድርጅቱ መዝገብ ሲልኩ ድርጅቱ ምትክ ዘንግ በነፃ ይልካል። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ የእኛው ጥቁር አንበሳ ነው። ታፋው ተሰብሮ ለወራት በክብደት እየተጎተተ ይተኛ የነበረ ታካሚ በዘንግ ሲታሰር ቶሎ ይነሳል። ራጅ በሌለበት ክፍል ቀዳዳ ስቶ መድገም ያለ ነገር ቢሆንም፣ ሐኪሞቻችን እጃቸው የሚመሰከርለት ነው።

ከገጠመ በኋላ ብረቱ ይውጣ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ሐኪሞች አይስማሙም። ካላስቸገረ ብዙዎች ይተዉታል፤ ለልጆች ግን ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ባዶ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎች እስኪሞሉ ድረስ አጥንቱ ደካማ ስለሆነ ለጥቂት ወራት ከባድ ስፖርት ይከለከላል።