የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ዝርዝር መሸምደድ ይቅርባችሁ

"ቲቸር፣ 500 ኢዲየም ያለበት ፒዲኤፍ ካለህ ላክልኝ።" እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ቴሌግራም ላይ ይህን ሳይጠየቅ አይውልም። ፒዲኤፉ አለኝ፤ ግን አልልክም። ስስት ይዞኝ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ ምክንያቱን እዚህ ጻፍኩት። ሌሎች ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶችም አብሬ ላንሳ።

"ብዙ ፈሊጥ የያዘ ሰው እንግሊዝኛ ይችላል"

ዝርዝሮቹ ውስጥ "ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ" አይጠፋም። ዶፍ ጣለ ለማለት ነው። ብትሉት የማይገባው የለም። ነገር ግን ዶፍ ሲወርድ ከሰው አፍ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት "ኢትስ ፖሪንግ" ነው። "ኪክ ዘ በኬት"ንም ተመልከቱ። ትርጉሙ ሞተ ነው፤ ግን የቀልድ አነጋገር ስለሆነ ለሐዘንተኛ ከተነገረ ያስቀይማል። ለሐዘንተኛ የሚባለው "ፓስድ አዌይ" ነው። ዝርዝሩ ግን "ሞተ" ብሎ ትርጉሙን ከጎኑ ይጽፍና ያልፋል። መቼ፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደሚባል አይነግራችሁም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚያስቀረው ነገር ነው። እኛ አገር ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ የሚያብራራ ልጅ "ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ" ሲባል ግን ወተት አለቀ ማለት መሆኑ ይጠፋዋል። እንደ "ራን አውት" ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱን ትርጉም ሲይዝ "ፍሬዛል ቨርብ" ይባላል፤ ዝርዝሩ የሚያስቀረው ይህን ነው።

አንዲት ተማሪዬ ሜሪላንድ ሄዳ ሆም ኬር ትሠራለች። አዛውንት ነው የምትንከባከበው። እዚህ እያለች ዳር እስከ ዳር በኢዲየም የተሞላ ደብተር ነበራት። ሥራ እንደጀመረች ሰሞን ሽማግሌው "አይም ጎና ትሮው አፕ" አሏት። ትሮው መወርወር፣ አፕ ወደ ላይ። ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ምን ሊወረውሩ ነው ብላ እጃቸውን አየች፤ ባዶ ነው። እሷ ግራ ተጋብታ ቆማ ሳለ ሰውየው አልጋው ላይ አስመለሱ። ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። "ትሮው አፕ" ማስመለስ መሆኑን ማወቅ ከባድ አልነበረም። ደብተሯን የሞላው ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ከሕይወታችሁ ተነሱ። ሆም ኬር የምትገቡ "ትሮው አፕ"ን፣ "ሲት አፕ"ን (ከተኙበት ቀና ብሎ መቀመጥ)፣ "ፓስ አውት"ን ያዙ። በተለይ የመጨረሻውን። "ፓስ አውት" ራስን መሳት ነው። ስልክ ላይ ከ"ፓስ አዌይ" ጋር ካምታታችሁት በሕይወት ያለን ሰው ለቤተሰቡ አረዳችሁ ማለት ነው። መኪና የምትነዱ "ፒክ አፕ" (ሰው መጫን)፣ "ድሮፕ ኦፍ" (ማውረድ)፣ "ፑል ኦቨር" ያስፈልጓችኋል። ፖሊስ "ፑል ኦቨር" ካለ ዳር ያዝና ቁም ማለቱ ነው። መጋዘን የምትሠሩ ደግሞ "ክሎክ ኢን" ስትገቡ መፈረም ነው፣ "ኮል አውት" ዛሬ አልገባም ብሎ መደወል፣ "ፊል ኢን" የቀረ ሰው ተክቶ መሥራት።

በሳምንት አምስት ይበቃል። ብቻውን ሳይሆን ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጻፉት። የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አትያዙ። "ፑት ኦፍ" ለሌላ ቀን ተላለፈ ነው፣ "ኮል ኦፍ" ተሰረዘ ነው። አንድ ላይ ያጠናቸው ተማሪ ሁሉ ሲያምታታቸው አያለሁ። የቃሉን ቦታም አብራችሁ ልብ በሉ። "ተርን ኦፍ ዘ ላይት"ም "ተርን ዘ ላይት ኦፍ"ም ልክ ናቸው። "ኢት" ስትመጣ ግን ቦታዋ መሃል ብቻ ነው። "ተርን ኢት ኦፍ" እንጂ "ተርን ኦፍ ኢት" አይባልም። ይህችን የሚስቱ ብዙ ናቸው።

"ፍሬዛል ቨርብ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ነው"

በፍጹም። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ እንላለን። "አለ" ተናገረ ማለት ከሆነ ዝም ያለ ሰው ምን ተናገረ? ማንም አይጠይቅም፤ ቃሉን ከነጓደኛው እንደ አንድ ነው የያዝነው። "ሲት ዳውን"፣ "ጌት አፕ"፣ "ሻት አፕ"ም እንደዚያው ናቸው። እናቶቻችን ዝርዝር አልሰጡንም። "ቁጭ በል" ሲሉን ተቀመጥን፣ በዚያው ገባን።

"ፍሬዛል ቨርብ ለቁም ነገር ጽሑፍ አይሆንም"

ስህተት ነው። "ካሪ አውት" (ማካሄድ) እና "ፖይንት አውት" (መጠቆም) በየጥናታዊ ጽሑፉ አሉ። ማመልከቻ ላይ የማይገባው "ጎና" ነው፤ "ጎዊንግ ቱ" በአፍ ሲያጥር ማለት ነው።

"የአማርኛውን በቀጥታ ብመልሰው ይገባቸዋል"

እኛ ወጣ ስንል "መጣሁ" እንላለን። ይህንኑ "አይም ካሚንግ" ብላችሁ በሩን ከፍታችሁ ብትወጡ ፈረንጁ ግራ ይገባዋል። "አይል ቢ ራይት ባክ" በሉ።

"የአሜሪካና የእንግሊዝ አነጋገር አንድ ነው"

አብዛኛው አንድ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። እንግሊዝ አገር ስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ "ቴብል" ማድረግ አሁን እንወያይበት ብሎ ማቅረብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጊዜው ይቆይ ማለት ነው።

"'ሃው አር ዩ ዱዊንግ' ሲሉኝ ስለ ጤናዬ ማውራት አለብኝ"

አይጠበቅባችሁም። "ጉድ፣ ሃው አባውት ዩ?" ብላችሁ እለፉ።